ሽማግሌ የገባበት ፎርም

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ የሚቆረጥምዎት ጉልበት በላክሁት ቅባት ተሻለው ወይስ ቅባቱን ለጎረቤት አድለው ጨረሱት? ቤቱስ? እነዚያ በየማለዳው የሚጣሉት ተከራዮችዎስ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። የኮሎምበስ ብርድ ዘንድሮ ከረር ብሎብን ነበር። አሁን በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ እዚህ አገር ይሄ የመሻል ምልክት ነው። ዳጊ ሥራውን ይሠራል። ሄራን ደህና ናት። ወንድምዎም ደህና ነው፤ ስለ እሱ በቦታው እጽፋለሁ።

በስልክ መላክ ስትችል ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። ድምፄን ቀድቼ ልልክልዎ ነበር። ግን የእርስዎን አሰማም አውቃለሁ፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተው ነው። ባለፈው ስለ ሐሞቴ ጠጠር የነገርኩዎትን ደሴ በሙሉ ሰምቶ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች «እግዜር ይማርሽ» ሲመጣልኝ ከረመ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ይዛልዎት የምትመጣው ጓደኛዬ አይናለም ናት፤ ለወንድሟ ሰርግ ነው የምትገባው። መነጽርዎን ፈልገው ራስዎ ያንብቡት እንጂ ለተከራዮቹ አያስነብቡብኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ደሴ የደረሰው ወሬ ተመልሶ እኔም ዘንድ መጥቷል። በወንድምዎ በደጀንና በእኔ መካከል ሽማግሌ ገባ፣ ሊታረቁ ነው ተብሏል። እርስዎም ሻማ አብርተዋል አሉ። ሻማው ለሌላ ጉዳይ ይያዝልን እትዬ። ሽማግሌ መግባቱ እውነት ነው፤ የገባው ግን ለእርቅ ሳይሆን ለፎርም ነው።

እዚህ አገር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ሲል፣ መንግሥት የማይመለስ ገንዘብ ይረዳዋል። ለዚያ የሚሞላ ፎርም አለ፤ ፋፍሳ ይሉታል። ወላጅ ገቢው ዝቅ ካለ ልጁ ብዙ ያገኛል፣ ከፍ ካለ ትንሽ ያገኛል ወይም ምንም አያገኝም። በትልቁ ልጄ በዳጊ ጊዜ ፎርሙ ረጅም ነበር። የግብር ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ አንድ እሑድ ሙሉ ስሞላ ዋልኩ። ግን ለተፋቱ ሰዎች ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ልጁ ከማን ጋር ይኖራል ይላል፣ ከእናቱ ይባላል፣ አለቀ። ደጀን መኖሩንም አልጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ፎርሙን አሻሻልነው አሉ። አሳጠርነው አሉ። እውነት ነው፣ አጥሯል። ግን ጥያቄ ሲያጥር ነገር ይረዝማል። አሁን የሚጠይቀው ልጁ ከማን ጋር ይኖራል ሳይሆን፣ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ከሁለቱ ወላጆች ይበልጥ የረዳው ማን ነው ብሎ ነው። ይታይዎት እትዬ። እኔና ደጀን ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በሰርግም በለቅሶም፣ ስንጣላበት የኖርነውን ጥያቄ መንግሥት አንስቶ ፎርም ላይ አስቀመጠው።

ሄራን ፎርሙን የከፈተችው ቀን ወጥ ቤት ነበርኩ። ልትማር ያሰበችው የአፈር ሳይንስ ነው፤ ይሄንንም አልነገርኩዎትም መሰለኝ። አባታችሁ ዕድሜ ልካቸውን አፈር ሲገፉ ማንም ፎርም አላስሞላቸውም ነበር። እሷ ግን ከልቧ ነው፤ በበረንዳው ላይ በየጣሳው ጭቃ አስቀምጣ ትለካለች። እና ያን ጥያቄ ስትደርስበት የአባቷን ስም ጻፈች። ለምን ብዬ ጠየቅኋት፣ በእርጋታ። እሷም በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነው እኮ የሚለው፣ አለችኝ። እውነቷን ነው። በዳጊ ምርቃት ማይክ ይዞ ይሄን ቤት ተሸክሜ እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ ሲል፣ እሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ኬክ ትበላ ነበር። ልጅ የሰማውን ይጽፋል። እኔ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። ለወጡ ከሚያስፈልገው በላይ ከተፍኩ።

በአዲሱ ሥርዓት ልጅቷ የወላጇን ኢሜይል ስታስገባ፣ አስተዋጽኦ አድራጊ ሆነህ ተጋብዘሃል የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ይሄድለታል። ወላጁ የራሱን አካውንት ከፍቶ ግብዣውን ይቀበላል፣ የግብር መዝገቤን እዩ ብሎ ይስማማል፣ ይፈርማል። ወንድምዎ ግብዣው ሲደርሰው ምን ያደረገ ይመስልዎታል? ወረቀት ላይ አሳትሞ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጎማ ቤት ላለው ለጁነዲን ወስዶ አሳየው። ጁነዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ የሐጂውን ቤተሰብ ያውቁታል ብሎ ሰላም ብሎዎታል። ደጀንም ጎማ ሊያስቀይር የመጣውን ሰው ሁሉ ሰብስቦ፣ ሰው ቢክደኝ መንግሥት አወቀኝ፣ አለ አሉ።

ግን አልፈረመም።

አንድ ሳምንት አለፈ። ሄራን ፎርሙን በከፈተች ቁጥር አባቷ ገና አልተቀበለም ይላታል። ስትደውልለት ኔብራስካ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም ይላታል። እርስዎም እንደሚያውቁት ወንድምዎ ትልቁን ትራክ እየነዳ አገር ላገር ነው የሚዞረው፤ ሦስት ቀን ሳይመልስ መቆየት ልማዱ ነበር። አሁን ግን ስልኩን ወዲያው ነው የሚያነሳው። ወዲያው አንስቶ ኔትወርክ የለም ይላል። በሌላው ሳምንት ስትደውልለት አሁንም ኔብራስካ ነው። ዳጊ፣ ይሄ ኔብራስካ የሚባለው አገር መውጫ የለውም እንዴ፣ አለ።

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የራሱ ቀን አለው። በየካቲት አጋማሽ ፎርሙ ያልደረሰለት ተማሪ የተረፈውን ነው የሚያገኘው፤ ከተረፈ። ያለዚያ ገንዘብ ሄራን ዘንድሮ አትገባም፤ ከእኔ ጋር መጋዘን ገብታ ካርቶን ታሽጋለች። ይሄን ተናግራ አላማረረችም። ማታ ማታ ግን ጣሳዎቿን መለካት አቆመች።

አይናለም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ወላጆችን እየረዳች ስለምትሠራ ፎርሙን ታውቀዋለች። እሷም ነገሩ ቀላል ነው፣ ልጅቷ አባቷን ከፎርሙ አውጥታ አንቺን ታስገባ፣ ዘንድሮ በእርግጥ ይበልጥ የረዳሻት አንቺ ከሆንሽ እውነቱም እሱ ነው፣ አለችኝ። ይበልጥ የረዳኋት እኔ መሆኔን እኔ አውቃለሁ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ከደጀን የሚመጣው ነገር እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ፣ አሁን በየበዓሉ ዶሮ ሆኗል። በግልጽ ልንገርዎ፣ የሌላ ሴት ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

ሄራን ግን እምቢ አለች። ይሄንን በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ ለዚህ ነው ቃሏን የምጽፍልዎ።

«አባዬን ጠርቼ አላስወጣውም። ሰው ይጠራል እንጂ ተጠርቶ ይባረራል እንዴ?»

ይሄን ከማን እንደተማረች እግዜር ይወቅ። እኔ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። እሱ አይፈርም፣ አይወጣም። እሷ አታስወጣውም። የቀረን ራሱ በቃሉ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሰውን በቃሉ ለማስወጣት ደግሞ ከሽማግሌ ሌላ መንገድ የለም።

እዚህ ሽማግሌ ማግኘት ቀላል እንዳይመስልዎት። ሽበት ያለው ሁሉ እሑድ ሥራ ነው። ትልቁ ሰው ጋሽ ማዘንጊያ ጡረታ ስለወጡ ተገኙ። ሁለተኛው ጁነዲን ነው። ሦስተኛ ጠፋ። አይናለም እኔ እገባለሁ አለች። ጋሽ ማዘንጊያ ሴት ለሽምግልና ብለው ትንሽ ከበዳቸው። እሷ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ሽማግሌ ማለት የዕለቱ ሺፍት የሌለው ሰው ነው አለቻቸው። ተቀበሉ። ከዚያ እኔን ለብቻ ጠርተው፣ ለመሆኑ የሚታረቀው ማን ከማን ነው አሉኝ። ፎርም ነው አልኳቸው። ፎርሙ ምን በደለ አሉኝ።

በወጉ ሽማግሌ ወደ ሰውየው ነው የሚሄደው። ደጀን ግን የኔ ቤት አይመችም፣ እሷ ቤት እመጣለሁ አለ። እሺ አልን። ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው ቤቴን ያውቁታል፣ በቪዲዮ አሳይቼዎታለሁ፤ ሳሎኑ ከስድስት ሰው በላይ አይችልም። ምግቡን አሳ አደረግሁት። የጁነዲንን ሥጋ ጋሽ ማዘንጊያ አይበሉም፣ የኛን ጁነዲን አይበላም፤ የአሳን ሃይማኖት የሚጠይቅ የለም።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱ መጡ። ደጀን ዘግይቶ መጣ። ትራኩን የድርጅቱ ግቢ አቁሜ፣ መኪናዬ ደግሞ ጋራዥ ገብታ ነው አለ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ፣ በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ነጥቷል። በር ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ወጉ ነው፤ የለመኑት ሳይሰጣቸው አይቀመጡም። ደጀን እነሱ ቆመው እኔ አልቀመጥም ብሎ ቆመ። እኔ ሁሉም ቆሞ እንዴት ልቀመጥ ብዬ ቆምኩ። ሄራን ከፎቅ ስትወርድ አምስት ሰው ጠባብ ሳሎን ውስጥ ኮቱን እንደለበሰ ቆሞ አየች፤ ልትሄዱ ነው እንዴ አለች። ጋሽ ማዘንጊያ ብዙ ታገሡ። በመጨረሻ፣ የኔ ወገብ ሽምግልናውን አይወክልም፣ እኔ ልቀመጥ እነዚህ ይቁሙ፣ ብለው ተቀመጡ። ያኔ ሁሉም ተቀመጠ።

ደጀን ነገሩን ከሰማ በኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ። የዚህን ቤት ሸክም ማን እንደተሸከመ ኮሎምበስ በሙሉ ያውቃል አለ። ልጄ ራሷ ጽፋዋለች አለ። እፈርማለሁ፣ ሥራ ስለበዛብኝ ነው አለ። አይናለም ታዲያ አሁን ፈርም፣ ስልክህን አውጣ አለችው። ባትሪ የለኝም አለ። ሄራን ቻርጀር አመጣችለት። ስልኩን ሰካው፤ ከሰካው በኋላ ገልብጦ በፊቱ ደፋው።

ከዚያ እርዳታ ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ክርክር ተነሣ። አይናለም ከስልኳ አነበበች፤ ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ መጓጓዣ። ጋሽ ማዘንጊያ ምክር ይቆጠራል ወይ ብለው ጠየቁ። አይቆጠርም አለች። ጸሎትስ? እሱም አይቆጠርም። እንግዲህ የወላጅን ሥራ ግማሹን ጣሉት ማለት ነው አሉና አዘኑ። ደጀን ያደረገውን መዘርዘር ጀመረ፤ የሄራን ጥርስ የታሰረበት፣ የትምህርት ቤት ጉዞ፣ ላፕቶፕ። አልዋሸም፤ ሁሉንም አድርጓል። አይናለም በትሕትና፣ ጋሽ ደጀን፣ ይሄ ካቻምና ነው፣ የሚጠይቁት ያለፈውን ዓመት ነው አለችው። እሱም ያው ነው አለ። አይደለም አለች። ደግሞ ግብሩን የሚያዩት ከሁለት ዓመት በፊት ያለውን ነው፤ ያን ጊዜ ያንተ ገቢ ከፍተኛ ስለነበር አንተ ከፈረምክ ልጅቷ የምታገኘው እጅግ ያንሳል አለችው። ይሄን ሲሰማ ሄራንን አየት አደረጋትና ዓይኑን ሰበረ።

እዚህ ላይ ጁነዲን ሳይጠየቅ የራሱን ክስ አቀረበ። እንግዲህ ሽማግሌ ከተቀመጠ የኔም ጉዳይ ይታይልኝ አለ። ደጀን ስንት ዓመት ደንበኛዬ ሆኖ ኖሮ፣ ካለፈው ጸደይ ወዲህ አንዲት ጎማ ከኔ አልገዛም፤ ምን አጠፋሁ፣ ከማን እየገዛ ነው አለ። የመጣበትን ግብዣ እያሳተመ ሱቄ ድረስ ያመጣልኛል፣ ጎማ ግን ከሌላ አለ። በእውነት ተቀይሞ ነበር። ጋሽ ማዘንጊያ ነገሩ ሽምግልና ስለመሰላቸው ነቃ አሉ። ደጀን፣ ኢንዲያና ውስጥ ቅናሽ አግኝቼ ነው፣ ይቅርታ አለ። ጁነዲን ለኢንዲያና ነው የሸጥከኝ አለና ተነሥቶ አቀፈው። ጋሽ ማዘንጊያ ቢያንስ አንዱ ተፈታ አሉ።

እኔ በዚህ መሐል አሳውን ላወጣ ተነሣሁ። ወደ ወጥ ቤት የሚወስደው መንገድ በበሩ በኩል ነው። በሩ ሥር ጫማዎቹ ተደርድረዋል። የኔ የሥራ ጫማ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ አፍንጫው ብረት የሆነ፣ ኒው አልባኒ ያለው መጋዘን ሳያደርጉት የማያስገባው። ደጀን ከጎኑ ነበር ያወለቀው። ሁለቱን ለመለየት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። የሱ ትልቅ ነው፤ ሌላው ያው ነው፣ ካርቶን እየገፉ የሚላጠው ቦታ እንኳን ያው ነው።

አሳውን ይዤ ስመለስ ደጀን ስለ እኔ እየተናገረ ነበር። እሷ በምን አቅሟ ነው ይበልጥ የምትረዳው፣ እያላቸው ነው። ሥራዋን አታውቁትም አለ። ሲሚንቶ ላይ አሥር ሰዓት መቆም ነው አለ። የጭነቱ በር አጠገብ ከመደቡሽ ነፋሱ አጥንት ይገባል፣ ጓንት ለብሰሽ ደግሞ የዕቃውን ኮድ የሚያነበው ስካነር ጣትሽን አያውቀውም አለ። ለእረፍት ሲለቁሽ እስከ ማይክሮዌቭ ሄደሽ፣ ተሰልፈሽ፣ ምግብሽ ሳይሞቅ ደወሉ ይደወላል፤ ልብ ያለው ቀዝቃዛውን ቆሞ ይበላል አለ። ጋሽ ማዘንጊያ እግዚኦ አሉ። ጁነዲን ምስኪን ብሎ አየኝ።

እትዬ፣ እኔ ለዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስዘጋጅ ከርሜአለሁ። ካርቶን ሳሽግ ንግግሬን እያሸግሁ ነበር። በዳጊ ምርቃት ማይክ ይዞ ከተናገረው ጀምሬ፣ በየበዓሉ ዶሮ እስከሚልከው ድረስ፣ በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ ላወርድበት፣ በአንደበቱ «እሷ ናት» ላሰኘው። ቁጣዬ የበሰለ ነበር። አሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አየሁት። ማይክሮዌቩ ጋ ወረፋ እንዳለ ነግሬው አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ይሄን የሚያውቀው የተሰለፈ ሰው ብቻ ነው። የምናሞቀው ምግብ እኮ ነው፣ ማን ያወራዋል?

«ደጀን ያለው ልክ ነው» አልኩ። «ይሄን ቤት የተሸከመው እሱ ነው። እኔ ግን ለልጄ ወረቀት ላይ ስሜን ማየት ፈልጌአለሁ። ለዘንድሮ ብቻ ይተውልኝ፤ ሽማግሌዎች ለምኑልኝ።»

አይናለም ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ምን ነካሽ ማለቷ ነው። እኔም መልሼ ረገጥኳት። ጋሽ ማዘንጊያ ግን ወጉን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ወገባቸውን ይዘው ተነሥተው ቆሙ። ጁነዲንም ቆመ። እናት ለምናለች አሉ ጋሽ ማዘንጊያ፣ ያለው ሰው ነው የሚለመነው፣ የሌለውን ማን ይለምናል፣ ይሄን ክብር ለዘንድሮ ስጣት አሉት።

ደጀን እኔን አየኝ። እያሾፍኩበት እንደሆነ ሊያረጋግጥ ፊቴን መረመረ። አሳ ማውጣት ጀመርኩ።

«ለዘንድሮ ብቻ ከሆነ» አለ።

ለዘንድሮ ብቻ ነው አልኩ። የከርሞውን ለከርሞ እንተወው አልኩ። እሱም ወደ ሄራን ዞረ።

«አውጪኝ ልጄ» አላት። «እኔው ነኝ ያልኩሽ።»

ሄራን እዚያው ቁጭ ብላ አወጣችው። ከዚያ ምን እንደሆነ ላጫውትዎ፤ ሽማግሌዎቹ የደጀንን ትልቅነት ሲያወድሱ አመሹ። እንዲህ ያለ ሰው አላየንም፣ ለልጁ ሲል ስሙን የሰጠ አሉ። ጁነዲን እኔ ብሆን አላደርገውም አለ። ወንድምዎ ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም እያለ ሦስት ጊዜ አሳ ጨመረ። እኔ አመሰገንኩት። ጋሽ ማዘንጊያ እንደገና፣ ጮክ ብለሽ አመስግኚው አሉኝ። ጮክ ብዬ አመሰገንኩት። ይሄ ሁሉ ተቆጥሮ ገነት ካልገባሁ መግባት የሚባል ነገር የለም።

ግብዣው ለእኔ መጣ። አካውንት ከፈትኩ። ሁለት ወር ያስጨነቀን ፎርም የሻይ ማፍያ ጊዜ እንኳን አልፈጀም። ዱሮ በፌስታል የያዝኳቸውን ወረቀቶች አሁን መንግሥት ራሱ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ይስባቸዋል፤ እኔን የሚጠይቀኝ፣ መዝገብሽን ብናይ ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ ብቻ ነው። በትዳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተስማማሁ። ፈረምኩ። መጨረሻ ላይ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው የሚል አለ፤ ሐሰት ከሆነ ቅጣት አለው። እሱን ሳነብ ወንድምዎ ሁለት ወር ሙሉ ያልፈረመበት ምክንያት ገባኝ። ጉራ ሌላ ነው፣ ፊርማ ሌላ ነው። ጉረኛ ነው እንጂ በሐሰት አይፈርምም፤ ይሄን ሁልጊዜም አውቅለታለሁ።

ያን እሑድ ማታ ደጀን ሲወጣ በር ላይ ሸኝቼው ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ያኔ የኔን ከጎኑ አየው። እጁ ክሩ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

መንገዱ ያንሸራትታል አልኩት።

አውቃለሁ አለኝ።

ያኔ ከሥራ የገባው ዳጊ በመኪናው አደረሰው። ጁነዲን አድርሰዋለሁ ብሎ ነበር፣ እኔ ከለከልኩ፤ ትራኩ የት ነው፣ ጎማውስ የሚል ሌላ ጥያቄ እንዳይመጣ። ስለ ጫማው ለዳጊም፣ ለአይናለምም አልነገርኩም።

የሄራን መልስ ባለፈው ሳምንት መጣ። የማይመለሰው ገንዘብ ሙሉውን ደረሰላት፤ ዩኒቨርሲቲውም በራሱ በኩል ጨመረላት። መስከረም ላይ ትጀምራለች። ጣሳዎቹን መልሳ መለካት ጀምራለች፤ በረንዳዬ መረገጫ የለውም። አባቷ ጋ ደውላ ስትነግረው፣ እኔ ስለተውኩት ነው አላት። አዎ አባዬ፣ አለችው። ልጅቷ ብልህ ናት እትዬ፤ ምን ያህል ብልህ እንደሆነች አልጠየቅኋትም።

አሁን የቀሩኝ ጥቂት አደራዎች ናቸው። ለደጀን ቀን ቀን አይደውሉለት። አሁን አሁን ሌሊት ስለሚነዳ ቀን ይተኛል። ማታ ወደ ሥራ ሲወጣ ቢደውሉለት ደስ ይለዋል። ትራኩ እንዴት ነው ብለው አይጠይቁት፤ ሲጠየቅ ይደክመዋል። ኔብራስካ ነኝ ካለዎት በረዶው እንዴት ነው ይበሉትና ይለፉት። እና ክረምት ሳይገባ ይለበጥ ያሉትን ቆርቆሮ ለሱ አይጻፉለት፤ ለእኔ ይጻፉልኝ። ለጊዜው የሚሆነውን በአይናለም ልኬአለሁ፤ የጎደለውን ከፋሲካ በፊት እልካለሁ። ጣራውን ማን አስለበጠው ብሎ ሰው ቢጠይቅዎ ወንድሜ ነው ይበሉ። እውነቱን ለመንግሥት ነግረናል፤ ይበቃል።

ጉልበትዎን ያጽናልን። ዓይንዎን ያብራልን። ለተከራዮችዎ ልብ ይስጥልን ወይም ቤት ይስጥልን። የሄራንን ምርቃት ለማየት ያብቃዎ፤ ያን ቀን ማይኩን ማን እንደሚይዝ ከወዲሁ አውቃለሁ፣ እርስዎ ከጎኔ ተቀምጠው ኬክ ይበላሉ።

ወንድምዎ የፈታት፣ እርስዎ ያልፈቷት፣
የልጆቹ እናት